ስሙ የጠፋ ዕቃ፦ የአራዳን የሞተር ታሪክ ከብረቱ ስለማንበብ

አሮጌ አውቶሞቢል ለማደስ የተነሣ ሰው ሥራውን በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስሙን የማያውቀው አንድ ዕቃ በእጁ መያዙ አይቀርም። ዕቃው ከሞተሩ ጋር ታስሮ ቆይቶ ይሆናል፤ ወይም ከመኪናው ጋር አብሮ በተሸጠ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከቡሎንና ከዳዶ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ከየት እንደ ተፈታ የሚናገር የለም፤ የፈታው ሰው ምናልባት ካረፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በሌላ ሀገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ የፋብሪካውን የመለዋወጫ ካታሎግ ገልጦ ከሥዕሉ ጋር ማስተያየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በአዲስ አበባ፣ በተለይም በአራዳና በፒያሳ ዙሪያ ዕድሜውን ለፈጸመ ሞተር ግን ካታሎጉ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ነው የሚመልሰው። ግማሹን የሚመልሰው የከተማይቱ ታሪክ ነው። ለማኅበራችን አባላት ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በምሳሌ ብንጀምር ነገሩ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከተሠሩት መኪናዎች የብዙዎቹ ኮፈን ሲከፈት፣ በሞተሩና በሹፌሩ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ቁመቱ ከስንዝር የማያንስ ክብ የቆርቆሮ ዕቃ ይታያል። ከላዩ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎችና አንድ የአየር መተንፈሻ፣ ከታቹ ደግሞ አንድ ቧንቧ ተያይዞለታል። ከነዳጅ ፓምፕ በቀር ሌላ የማያውቅ መካኒክ ይህን ዕቃ ቢያይ የዘይት ማጣሪያ ነው ሊል ይችላል፤ ሌላው ለራዲያቶር የተቀመጠ ተጨማሪ የውኃ ማጠራቀሚያ ይመስለዋል፤ ሦስተኛው ከፍሬን ጋር ያገናኘዋል። ሦስቱም ግምቶች ምክንያት አያጡም፤ ሆኖም ሦስቱም ከእውነቱ የራቁ ናቸው። ዕቃው ቫኩም ታንክ ነው። በአሜሪካ ስቱዋርት ዋርነር፣ በእንግሊዝ አውቶቫክ በሚባሉት ስሞች በሰፊው ይታወቅ ነበር።

አሠራሩ ብልኀት የተመላበት ነው። የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ በመኪናው ኋላ፣ ከካርቡራቶሩ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ሊፈስስ አይችልም። ስለዚህ ሞተሩ አየር ሲስብ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚፈጠረው የአየር ጉድለት በአንደኛው ቀጭን ቧንቧ በኩል ወደ ታንኩ ይደርሳል፤ በሁለተኛው ቧንቧ በኩል ደግሞ ቤንዚኑ ከኋላ ተስቦ ይመጣል። በውስጠኛው ክፍል ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ባለ ጊዜ የመሳቢያውን ቫልቭ ዘግቶ የአየሩን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርድና ከዚያ በክብደቱ ወደ ካርቡራቶሩ ይፈስሳል። ተንሳፋፊው ሲወርድ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል። ቧንቧዎቹ ከወዴት ወዴት እንደሚሄዱ በጣት እየተከተለ የመረመረ ሰው የዕቃውን ስም ሳይሰማም እንኳ ተግባሩን ይደርስበታል፤ አንደኛው ወደ ማኒፎልድ፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ፣ የታችኛው ወደ ካርቡራቶር። ያልታወቀ ዕቃ ሲያጋጥም የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ ከዕቃው ቅርጽ ይልቅ ከዕቃው ጋር የተያያዘውን መጠየቅ ይቀድማል።

እዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም የውጭ መጽሐፍ ሊያስተምረን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ተቆረቆረች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚኑን ከኋላ ገፍቶ የሚያመጣው ይኸው የአየር ግፊት በመሆኑ ቫኩም ታንክ በዚህ ሀገር የሚሠራው ጉልበቱ ተቀንሶ ነው። በዚያም ላይ ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው በረገጠ ጊዜ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመሳብ ኀይል እጅግ ይደክማል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወጣው ዳገት አጭር ስለ ሆነ በታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ያሻግረዋል። የእንጦጦ ዳገት ግን ሌላ ነው፤ መኪናው ከመንገድ ሊቆም ይችላል። የዘመኑ ሹፌሮች መድኀኒቱን ያውቁ ነበር፤ እግርን ከነዳጁ ላይ ለጥቂት ጊዜ አንሥቶ ታንኩ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ከዚህም የተነሣ በእኛ ሀገር በሚገኙ የዚያ ዘመን መኪናዎች ላይ ቫኩም ታንኩ ተነሥቶ በቦታው የሜካኒክ ወይም የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገብቶ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። አዳሹ ባዶ የቡሎን ቀዳዳዎችን በግድግዳው ላይ፣ የተደፈነ ቧንቧ ደግሞ በማኒፎልዱ ላይ ያገኛል። ለእርሱ እንቆቅልሽ የሚሆንበት ዕቃ የጠፋው ዕቃ ነው።

እንግዲህ ዕቃውን ለማወቅ መኪናው በየትኛው ዘመን፣ በማን እጅ እንደ ገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር ወደ አዲስ አበባ የገባበት ታሪክ በየዘመኑ የተለየ የብረት ዐሻራ ጥሎ አልፏልና።

የመጀመሪያው ዐሻራ የእንፋሎት ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በ1890ዎቹ መጨረሻ ገደማ ለመንገድ ሥራ ያስመጡት በእንፋሎት የሚሄድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በሕዝቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነሣል። ከእርሱ ቀጥሎ አውቶሞቢል መጣ። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን የእንግሊዝ ሥሪት እየነዳ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። የጉዞውም ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1913 በክሊፎርድ ሃሌ ተጽፎ በለንደን ታትሟል። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ በሳክሶኒ፣ በኮስዊግ ከተማ የተሠራውን ናከ የተባለ መኪና ይዞ መጣ። ከዚህ ሁሉ ለእኛ ሙያ ከፍ ያለ ትርጉም ያለው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ይኸውም ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ የአውቶሞቢልን ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን መላካቸው ነው። ተሰማ በዚያው በጀርመን ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርፀው ስለ ነበር በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ስማቸው በክብር ይጠራል። የሙዚቃ ሰዎች ሸክላዎቹን ፈልገው አግኝተው ለትውልድ አትርፈዋል። እኛ የሞተር ሰዎች ግን ያው ሰው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውቶሞቢል ባለሙያ ሊባሉ የሚገባቸው መሆናቸውን ብዙም ስናነሣው አይሰማም። በእኔ አስተያየት ይህ ለሙያችን ክብር አይደለም።

ልብ ሊባል የሚገባው ከነዚህ ሁለት የመጀመሪያ አውቶሞቢሎች አንደኛው በኢንች፣ ሁለተኛው በሚሊሜትር ከሚለካ ሀገር መምጣቱ ነው። በአራዳ የሞተር ታሪክ ውስጥ ኢንችና ሚሊሜትር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ኖረዋል። ስሙ የጠፋ ዕቃን ለመለየት ከሁሉ የተሻለው ምስክርም ይህ ነው፤ የቡሎኑ ጥርስ አይዋሽም።

እንደሚታወቀው የእንግሊዝ ዊትዎርዝ ጥርስ እ.ኤ.አ. በ1841 የተደነገገ ሲሆን የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው። በዙሪክ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1898 የተወሰነው የሚሊሜትር ጥርስ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው። የአሜሪካው ጥርስ ደግሞ በኢንች እየተለካ ማዕዘኑ 60 ነው። በጥርስ መለኪያ ቅጠል፣ በአጉሊ መነጽርና በትዕግሥት ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ካንዴላም እንዲሁ ይመሰክራል፤ ዲያሜትሩ 18 ሚሊሜትር ከሆነ ብዙውን ጊዜ አሮጌ የአውሮፓ ሞተር ነው፤ 14 ሚሊሜትር ከሆነ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ በቧንቧ ጥርስ የሚታሰር፣ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ከሆነ ደግሞ የፎርድ ሞዴል ቲ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጥ አንድ ታዋቂ ነገር አለ። የእንግሊዙ ሞሪስ ሞተሩን የወሰደው በኮቨንትሪ ፋብሪካ ከነበረው ሆችኪስ ከተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ስለ ነበር የቡሎኖቹ ጥርስ በሚሊሜትር ነው፤ የቡሎኖቹ ራስ ግን የእንግሊዝ መካኒኮች መፍቻቸውን እንዳይለውጡ ሲባል በዊትዎርዝ ልክ ተሠራ። የእንግሊዝ መፍቻ ገብቶለት ፈትቶት የእንግሊዝ ዳዶ እምቢ የሚለው ቡሎን ያጋጠመው ሰው ዳዶውን በጉልበት ከማስገባቱ በፊት ይህን ታሪክ ቢያስታውስ ሞተሩን ከጉዳት ያድናል።

በዚያን ጊዜ የነበረው አራዳ ዛሬ ፒያሳ ከምንለው ጋር በስም እንጂ በቦታ ብዙም አይለይም። ገበያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ የአርመን፣ የግሪክ፣ የህንድና የፈረንሳይ ነጋዴዎች ሱቅም በዙሪያው ነበር። ከዚያ እልፍ ብሎ በአፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች የሰፈሩበት፣ ስሙም ከእነርሱ የወጣው ሠራተኛ ሰፈር ይገኛል። የውጭ ዕቃ የሚሸጠውና ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ጎረቤት መሆናቸው እንዲሁ ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል፤ ሞተር ሲሰበር ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከባድ ዕቃ ከድሬዳዋ ወዲህ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ነበር። ከአውሮፓ መለዋወጫ አዝዞ መጠበቅ የወራት ነገር ስለ ነበር የተሰበረውን እዚያው መሥራት ግድ ነበር።

ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ሁሉም ነገር ተለወጠ። የፋሺስት ጦር ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ወደ 1,700 በሚጠጋ ተሽከርካሪ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ፊያት 634፣ ላንቻ ሮ እና ሌሎችም የናፍጣ ካሚዮኖች በሀገሪቱ መንገዶች ሞሉ። ገበያውም ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ፤ ለአውሮፓውያን የተተወውም ቦታ ፒያሳ ተባለ። ስለ ሞተሮቹ ስንመለስ፣ ከላንቻ ሮ የተረፈ ዕቃ ያጋጠመው ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ሞተሩ በጀርመኑ ዩንከርስ ፈቃድ የተሠራ ሲሆን ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ አሉት፤ ፒስተኖቹ ግን አራት ናቸው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት እየተገናኙ ናፍጣውን በመካከላቸው ያቃጥላሉ። ስለዚህ ሞተሩ ቴስታታ የለውም፤ በቴስታታ ፈንታ የሚገኘው በሁለቱም ጫፍ አካባቢ በዙሪያው ቀዳዳ የተበሳበት ረጅም የሲሊንደር እጅጌ ነው። ይህን እጅጌ ለብቻው ያየ ሰው የሞተር ዕቃ ነው ብሎ ላያምን ይችላል፤ የውኃ ፓምፕ ወይም የወፍጮ ዕቃ ቢመስለው አያስደንቅም። ከዚህ በኋላ የመጣው ላንቻ 3 ሮ ደግሞ ባለ አምስት ሲሊንደር ነው። አምስት ክንድ ያለው ክራንክሻፍት ያገኘ ሰው ስድስተኛው ተሰብሯል ብሎ እንዳይፈልግ ይጠንቀቅ።

ይህ ሁሉ ሲባል የጣሊያን ዘመን ዕቃ ሁሉ ጣሊያናዊ ነው ማለት አይደለም። በደቡቡ ግንባር ግራዚያኒ የአሜሪካ ካሚዮኖችንና ካተርፒላር ትራክተሮችን ገዝቶ ተጠቅሟል። በሚሊሜትር ዘመን የኢንች ብረት መገኘቱ ከዚህም ሊሆን ይችላል። ከነጻነት በኋላም እንግሊዞች ከጣሊያን የተማረከውን መኪናና የፋብሪካ መሣሪያ ብዙውን ከሀገር አውጥተውታል። ለአዲስ አበባ ጋራዦች የተረፈው በአብዛኛው የማይንቀሳቀሰው ነበር። ከሦስት የተሰበሩ ካሚዮኖች አንድ የሚሄድ መሥራት የተለመደ ሙያ የሆነው እንዲህ ባለ ችግር ነው። በሀገር የቀሩት የጣሊያን መካኒኮችና ከእነርሱ ጎን ሆነው የሠሩት ኢትዮጵያውያን ይህን ጥበብ አብረው አዳበሩት።

የዚህን ዘመን ዐሻራ ብረቱን ሳይነኩ እንኳ ከቋንቋችን ማንበብ ይቻላል። ባቡር፣ ሹፌር፣ ጋራዥ የሚሉት ቃላት ከፈረንሳይኛና ከወደብ ንግድ ጋር የመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው የጣሊያንኛ ጎርፍ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ከእነዚህ በኋላ የገቡት ዕቃዎች ደግሞ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ስማቸውን ይዘው ቀርተዋል። አንድ አረጋዊ መካኒክ ያልታወቀውን ዕቃ በምን ስም እንደ ጠራው መጠየቅና መጻፍ ጠቃሚ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በጣሊያንኛ ከጠራው በአብዛኛው ዕቃውን የተማረበትን ዘመን ወይም የተማረበትን መምህር እየነገረን ነው። ለቫኩም ታንክ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የጋራዥ ስም አለመኖሩም የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለኛል፤ የጣሊያን ቃላት በጋራዣችን ሥር ሲሰድዱ ዕቃው ራሱ ከአዳዲስ መኪናዎች ላይ እየጠፋ ነበር።

ከነጻነት በኋላ የመጡትን በአጭሩ ላንሣ። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና በሀገራችን የሚነዳው በግራ በኩል ነበር። ስለዚህ መሪው በቀኝ የተገጠመ መኪናና ለእርሱ ተስማሚ የሆነ የመሪ ሣጥንና የፔዳል ዘንግ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ ቢገኝ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአውሮፓ በብዛት ከገቡት ቮልስዋገን በሞተሩ ላይ የታተመው ፊደል ዘመኑን ስለሚናገር ሥራውን ያቀልላል። ፊደሉ ኤፍ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500 ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ1965 በኋላ የመጡ ናቸው። አካሉ የ1950ዎቹ ሆኖ ሞተሩ ኤፍ የሚል ከሆነ አንድ ጊዜ ልብ ተቀይሮለታል ማለት ነው። ሴይቼንቶ የሚባለው ፊያት 600 ሞተሩ መጀመሪያ 633 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ በኋላ 767 ነበር። አንድ ፒስተን በካሊፐር ሲለካ 60 ሚሊሜትር ከሆነ የመጀመሪያው፣ 62 ከሆነ የሁለተኛው ነው።

ላዳ ግን ጥቂት ማብራሪያ ይሻል፤ በከተማችን ታክሲዎች ዘንድ ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው በእርሱ ነውና። በደርግ ዘመን በብዛት የገባው ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አካላቸው መንታ ነው፤ ሞተራቸው ግን አይደለም። ሁለቱም ወደ 1,200 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይጠጋሉ። ይሁን እንጂ ፊያቱ ካምሻፍቱ በታችኛው የሞተር አካል ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹን በረጃጅም ፑሽሮዶች ይገፋል፤ ሶቪየቶች ለላዳ የመረጡት ሞተር ግን ካምሻፍቱ በቴስታታው ላይ ነው። የፊያቱ ፒስተን 73፣ የላዳው 76 ሚሊሜትር ነው። የፊያቱ የኋላ ፍሬን በዲስክ፣ የላዳው በታምቡር ነው። እንግዲህ ከላዳ ጋር የመጣ ሣጥን ውስጥ ጫፉ ጽዋ የመሰለ ቀጭን ዘንግ ቢገኝ ሻጩ የፈለገውን ቢል የላዳ ሊሆን አይችልም። አንዳንድ ጊዜ ዕቃውን የምናውቀው ምን ሊሆን እንደማይችል በማስወገድ ነው።

እስካሁን የዘረዘርኩት ከፋብሪካ የወጣውን ዕቃ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ግን ከዚህ ያልፋል። በአዲስ አበባ አሮጌ ሞተር ላይ ከሚገኙት ስም የለሽ ዕቃዎች ብዙዎቹ በምንም ካታሎግ ውስጥ የማይገኙት ካታሎጉ ስለ ጠፋ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም በካታሎግ ውስጥ ስላልነበሩ ነው። የተሠሩት እዚሁ ነው።

በአንድ ጫፉ የዊትዎርዝ፣ በሌላው ጫፉ የሚሊሜትር ጥርስ ያለውን ትንሽ የነሐስ ማገናኛ እናስብ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመኪናው ብሎ ያወጣ ፋብሪካ በእንግሊዝም ሆነ በጣሊያን ማግኘት ከባድ ነው። በአራዳ አካባቢ በሚገኝ ቶርኖ ቤት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ የጣሊያን ነዳጅ ፓምፕ ከእንግሊዝ ሞተር ጋር እንዲስማማ የተሠራ ነው። በዕቃው ላይ የቀለጠበት ቁጥር ወይም የፋብሪካ ማኅተም አይገኝም፤ የቶርኖው ቢላ መስመር ግን በግልጽ ይታያል። የካርቡራቶሩ ጄት ቀዳዳ በቆርቆሮ ብየዳ ተደፍኖ እንደ ገና በቀጭን መርፌ የተበሳ ከሆነ፣ ይህ ብልሽት ሳይሆን ሥሌት ነው፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ቤንዚኑም መቀነስ እንዳለበት የሠሪው እጅ ያውቅ ነበር። ቴስታታው ከካታሎጉ ልክ ተላጭቶ ቀጭን ከሆነም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። በከፍታ ቦታ ሞተር ያለ መንኳኳት ከፍ ያለ መጨመቅ ስለሚችል፣ ከጠፋው ጉልበት ጥቂቱን ለመመለስ ቴስታታን መላጨት ተገቢ ዘዴ ነው። በእርግጥ ቴስታታ በሙቀት ሲጣመምም ይላጫል። ሁለቱን ለመለየት ሁለት ቦታ መመልከት ያስፈልጋል፤ አንደኛው ጄቱ አብሮ መቀነሱን፣ ሁለተኛው በጓርኒሲዮኑ ላይ ውኃ ያፈሰሰበት ምልክት መኖሩን።

የደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ እጥረት ይህን ሙያ ወደ ጫፍ አደረሰው። አዲስ መለዋወጫ ሲጠፋ የአንዱን መኪና ዕቃ ለሌላው ማስማማት፣ በጋራዥ ቋንቋ «ሞዲፊክ» የሚባለው፣ የዕለት እንጀራ ሆነ። በሶማሌ ተራ ከተደረደሩት አሮጌ ዕቃዎች መካከል ዐይኑ የለመደ ሰው ለማን ሊሆን እንደሚችል ገምቶ ያነሣል፤ የቀረውን ቶርኖው ይጨርሳል።

ዛሬ ክላሲክ መኪና የሚያድሱ ወገኖች እየበዙ መምጣታቸው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚሠሩት ከውጭ ሀገር ባገኙት ደንብ ነው፤ ደንቡም መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደ ነበረ ይመለስ የሚል ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የነሐሱ ማገናኛ፣ በድጋሚ የተበሳው ጄት፣ ከካሚዮን ቢዬላ የተሠራው ቦኮላ ሁሉ «ኦሪጅናል አይደለም» ተብሎ ይጣላል፤ በምትኩም ከቱሪን ወይም ከበርሚንግሃም በፖስታ የመጣ አዲስ ዕቃ ይገባል። በበኩሌ በዚህ አልስማማም። በቱሪን የተሠራ ሴይቼንቶ በቱሪን የኖረው ጥቂት ሳምንት ነው፤ በአዲስ አበባ የኖረው ስድሳ ዓመት ነው። የቱሪኑን ጄት በዓለም ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለው፤ በድጋሚ የተበሳው ግን አንድ ብቻ ነው። ተቃራኒው ክርክር ጉልበት እንደሌለው አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። የተጠጋገነ ዕቃ አንዳንድ ጊዜ አደገኛ ነው፤ በተለይ የፍሬንና የመሪ ዕቃ ከሆነ ያለ ማመንታት መለወጥ አለበት። ይሁን እንጂ መለወጥና መጣል አንድ አይደሉም። የወጣው ዕቃ ታጥቦ፣ በዘይት ተቀብቶ፣ ከመኪናው ሰነድ ጋር ሊቀመጥ ይችላል።

ጉዳዩን የሚያስቸኩለው ምክንያት ሁላችንም በዐይናችን ያየነው ነው። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊው የፒያሳ ክፍል ፈርሷል፤ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበትኗል። በአሮጌ ሰፈር ውስጥ ያለ የዕቃ ሣጥን ዋጋ የሚኖረው ባለቤቱ ከአጠገቡ እስካለ ድረስ ነው፤ ሣጥኑ ምን አለሽ ተራ ከደረሰ በኪሎ የሚሸጥ ብረት ነው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የክልከላውን ጥቅም መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ለሙያችን ያለው ትርጉም ግን ግልጽ ነው፤ ካርቡራቶር ከፍቶ የሚማር ወጣት ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል፤ ጄቱን በድጋሚ የበሳው እጅ ደግሞ አርጅቷል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሥራ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስሙ ለጠፋ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ብቻ የሚበቃው መዝገብ ይከፈትለት። በገጹ ላይ ከሁለት አቅጣጫ የተነሣ ፎቶግራፉ ከጎኑ ከተጋደመ ማስመሪያ ጋር፣ ክብደቱ፣ የጥርሱ ዓይነትና ማዕዘን፣ ማግኔት ይያዘው አይያዘው፣ ቁጥር ወይም የቶርኖ መስመር ይኑረው አይኑረው፣ ከየትኛው ሞተር ላይ ከየትኛው ቦታ እንደ ተፈታና ከምን ጋር ተያይዞ እንደ ነበር ይጻፍ። ከዚያ በታች ያዩት መካኒኮች ዕቃውን በምን ስም እንደ ጠሩት፣ የማይስማሙም ቢሆን ስሞቹ ሁሉ ይመዝገቡ። ቫኩም ታንክን ሦስት ሰዎች በሦስት ስም ቢጠሩት ሦስቱም ይጻፉ፤ የሚቀጥለው አዳሽ የሚፈልገው የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ብቻ አይደለም፣ ሰዎች ለምን እንደዚያ እንዳሰቡም ጭምር ነው። መዝገቡን ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከፒያሳ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱትን አረጋውያን ቶርኖ ሠሪዎች አድራሻ ከያለበት ማሰባሰብ ግን ያስፈልጋል፤ ይህም በዚህ ዓመት ቢጀመር ይሻላል።